ውለታው የማን ነው? የእንግሊዝ ኃይል ከጣርማ በር ሲታይ

በ1933 ዓ.ም. ስለተገኘው ድል ሲወሳ አንድ አነጋገር ሳይመረመር ከአፍ ወደ አፍ፥ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ይኖራል፤ «ኢትዮጵያን ከፋሽስት ያላቀቀቻት እንግሊዝ ናት» የሚለው። አነጋገሩ በመማሪያ ክፍል ይሰማል፤ በበዓል ንግግር ይደገማል፤ በአዲስ አበባም በአውራ ጎዳና ላይ በቸርችል ስም፥ በትምህርት ቤት በር ላይ በዊንጌት ስም ተጽፎ ይነበባል። ከዚህ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ አነጋገርም አለ፤ እንግሊዝ ጊዜው ሲደርስ ቅኝ ግዛቶቿን በገዛ ፈቃዷ፥ በሥርዓት አስረክባ ወጣች የሚል። የመጀመሪያው አነጋገር እንግሊዝን ነፃ አውጪ ያደርጋታል፤ ሁለተኛው ነፃነት ሰጪ። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያርፉት «ውለታ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ውለታ በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። ውለታ የዋለ ይከበራል፤ ውለታ የበላ ከሰው አይቆጠርም። ስለዚህ አንድን የታሪክ ድርጊት ውለታ ብሎ የሚሰይም ሰው ታሪክ መተረኩ ብቻ አይደለም፤ ማን ባለገንዘብ፥ ማን ባለዕዳ እንደሆነ መፍረዱ ነው። ፍርዱ የተዛባ እንደሆነ ጉዳቱ በሞቱት ላይ ብቻ አይቀርም። ዕዳ የሌለበትን ትውልድ ባለዕዳ አድርጎ ያሳድጋል፤ የሚጠይቀው ሀብት ያለውንም ወገን ለማኝ ያስመስለዋል።

ይህን ፍርድ መርምሮ ለማቃናት ለንደን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚገኘው ጣርማ በር በቂ ነው። በስተ ምዕራቡ የመንዝና የተጉለት ደጋ፥ በስተ ምሥራቁ ከደብረ ሲና ግርጌ አንሥቶ የሚዘረጋው ቆላ እስከ አፋር ይታያል። ይኸው ሰንሰለታማ ገደል ወደ ደቡብ ሲቀጥል አንኮበርን ይዞ ይሄዳል። ከባሕር ወደ ሸዋ የሚመጣ ሁሉ፥ ነጋዴም ሆነ መልእክተኛ ወይም ወራሪ፥ ከዚህ ገደል በሮች በአንዱ መግባት ግድ ሆኖበት ኖሯል። የእንግሊዝ መንግሥት በዚህ ገደል ላይ ሁለት ጊዜ ታይቷል፤ በመጀመሪያ በ1833 በአንኮበር፥ በመጨረሻ በ1933 በጣርማ በር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ መካከል ልክ አንድ መቶ ዓመት አለ። የመጀመሪያው የአወጣጡ ዘመን፥ ሁለተኛው የአወራረዱ ዘመን ነው። በሁለቱም ጊዜ ግን እንግሊዝ የመጣችው በራሷ ትከሻ ብቻ ተሸክማ አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፤ የእንግሊዝ ኃይል የተበደረ ትከሻ ነበረ፤ የወደቀውም ባለትከሻዎቹ ትከሻቸውን ባነሡ ጊዜ ነው።

ከአንኮበር ደጅ

በጥር 1831 የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ኤደንን በጦር ያዘ። ከቦምቤ ወደ ስዊዝ ለሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ያስፈልግ ነበርና። ኤደን ከተያዘች በኋላ ከባሕሩ ማዶ ያለው አገር ሁሉ የኩባንያው ጉዳይ ሆነ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም በበኩላቸው የጦር መሣሪያና የእጅ ጥበብ ፈልገው በሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ አማካይነት ለእንግሊዞች ጽፈው ነበር። በ1833 ክረምት ሻለቃ እንኳ ያልሆነ አንድ የቦምቤ ሠራዊት መሐንዲስ፥ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ፥ ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አድርጎ ስጦታውን በግመል አስጭኖ ወደ አንኮበር ወጣ። ወጪው ከሕንድ የተከፈለ ነበር፤ ጭነቱን የተሸከሙት የአፋር ግመሎች፥ መንገዱንም የመሩት የአፋር ሰዎች ነበሩ። ከእንግሊዝ የመጣው ሰንደቁና ማኅተሙ ነበረ ለማለት ይቻላል።

በኅዳር 1834 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከዚያስ ምን ሆነ? ንጉሡ ጠመንጃውንና መድፉን ተቀበሉ፤ እንግዶቹን በዓይን ቁራኛ ጠበቁ፤ በ1835 ደግሞ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል ተዋዋሉ። በዚያው ዓመት የሃሪስ ጓድ አገሩን ለቆ ሄደ፤ የተዋዋለው ንግድም ሳይስፋፋ ቀረ። በሌላ አነጋገር ተልዕኮው ከተላከበት ግብ አንጻር ሲመዘን ውጤቱ ከወረቀት ያለፈ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሃሪስ በአንኮበር ያላገኘውን ድል በለንደን አገኘው። በ1836 በሦስት ቅጽ ያሳተመው መጽሐፍ የሸዋን ቤተ መንግሥት፥ ገበያውን፥ ዘመቻውን፥ ሕዝቡን በአንድ መንፈስ ሣለ፤ የሚያውቀው እንግሊዛዊ፥ የሚገረመው የአገሬው ሰው። ጎንቾ ላይ በእስር የኖሩት የንጉሡ ዘመዶች መፈታታቸውን ሳይቀር በእንግሊዝ ተልዕኮ አማላጅነት የተገኘ አድርጎ ጻፈው። የአንድ ንጉሥ ውሳኔ፥ የአንድ ቤተሰብ መከራ፥ የአንድ አገር የውስጥ ጉዳይ በእንግሊዝ የውለታ መዝገብ ላይ የሰፈረው እንዲህ ነው። ከሃሪስ ጋር የመጣው ጀርመናዊ ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን ቤርናትስም በኋላ ያሳተማቸው ሥዕሎች ዛሬ ድረስ የዚያን ዘመን ሸዋ ለማየት የሚፈልግ ሁሉ የሚገልጣቸው ናቸው። ሥዕሎቹ ዋጋ አላቸው፤ መጽሐፉም መረጃ አለው። ነገር ግን መረጃውን ከሰብሳቢው ዓይን ሳይለይ የሚቀዳ ደራሲ፥ አንኮበርን የሚያየው ከአንኮበር ሆኖ ሳይሆን ከኤደን የድንጋይ ከሰል ክምር ላይ ቆሞ ነው።

ከመቅደላ እስከ እውቅናው

ከሃሪስ በኋላ 27 ዓመት እንዳለፈ የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ወደቀ። ጦሩ በአብዛኛው ከቦምቤ የተጫነ የሕንድ ሠራዊት ነበር፤ መድፉን ተራራ ያወጡት 44ቱ ዝሆኖችም ከሕንድ የመጡ ናቸው። የትግራይ ገበሬ እህልና ከብት፥ የደጃዝማች ካሣም ፈቃድ ባይጨመር ኖሮ የጦሩ ጉዞ ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር። ከድሉ በኋላ ዐሥራ አምስት ዝሆኖችና ሁለት መቶ የሚጠጉ በቅሎዎች ምርኮውን ተሸክመው ወረዱ። ከሦስት መቶ በላይ የብራና መጻሕፍት፥ ታቦታት፥ ዘውድና ጽዋ ከአገር ወጡ። የብሪታንያ ሙዚየም ለዚሁ ሥራ የላከው ሰው ከጦሩ ጋር ነበር። ልዑል ዓለማየሁም በልጅነቱ ተወስዶ በ1872 በኅዳር ወር በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድዘር ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባ ዓመታት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊገለጹ ይችላሉ፤ እንግሊዝ በኢትዮጵያ ስም ትዋዋላለች፥ በኢትዮጵያ ላይ ትደራደራለች። በግንቦት 1876 በዓድዋ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር በተፈረመው ውል ምጽዋ ለኢትዮጵያ ንግድ ክፍት እንድትሆን ቃል ገባች፤ የዓመቱ ጥር ሳያልፍ፥ በ1877፥ ጣሊያን ያችኑ ምጽዋን ስትይዝ ፈቅዳ ተመለከተች። በታኅሣሥ 1899 ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ተቀምጣ ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል ተከፋፈለች። በታኅሣሥ 1918 ስለ ጣና ውሃና ስለ ባቡር መንገድ ከጣሊያን ጋር በደብዳቤ ተስማማች፤ ኢትዮጵያ ግን በመንግሥታት ማኅበር ፊት ተቃውሞዋን አቅርባ ውሉን አጋለጠች።

የ1928 ዓ.ም. ወረራ ሲመጣ የስዊዝ ቦይ ለጣሊያን የጦር መርከቦች አልተዘጋም። መርከቦቹ ቀረጣቸውን እየከፈሉ ወታደሩንም፥ መርዙንም አሳለፉ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ወራት የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል የኢትዮጵያን መሬት ቆርሰው ለወራሪው ለመስጠት ተስማምተው ነበር፤ ምስጢሩ በጋዜጣ ወጥቶ የእንግሊዝ ሕዝብ ስለተቆጣ እቅዱ ከሸፈ። በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የእንግሊዝ መንግሥትና የእንግሊዝ ሕዝብ አንድ አልነበሩም። ሲልቪያ ፓንክረስት ከሚያዝያ 1928 ጀምራ ለኢትዮጵያ የቆመ ጋዜጣ በለንደን ስታሳትም የገዛ መንግሥቷን ትቃወም ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ሞታ በክብር የተቀበረችውም ስለዚህ ነው። ውለታ የሚባል ካለ የዚህች ሴት ሥራ ውለታ ነው።

መንግሥቷ ያደረገው ግን ሌላ ነው። በኅዳር 1931 የጣሊያንን ገዢነት በኢትዮጵያ ላይ በይፋ አወቀ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወዳጅነት ውል የፈረሙበት ያው የኅዳር ወር፥ ከ97 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አምስት ወር ሳይሞላ፥ በሚያዝያ 1931፥ በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞች፥ ቁስለኞች፥ ሴቶችና ሕፃናት በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቁ፤ ቁጥራቸው በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በለንደን የፍርድ መዝገብ እነዚህ ሰዎች በሕጋዊ ገዢያቸው ላይ ያመፁ ነበሩ።

የጣርማ በር ሚያዝያ

በዚያው ዘመን ጣሊያን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሠራ፤ የጣርማ በርንም ተራራ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርዝመት ሰርስሮ በሙሶሎኒ ስም ጠራው። ዋሻው የተቆፈረው ለመንገደኛው ምቾት አልነበረም። የሸዋን አርበኛ ከቆላው ለመነጠል፥ ጦርና ስንቅ በጭጋግ ውስጥ ሳይቀር ለማመላለስ ነበር። ይሁን እንጂ መንገዱን የያዘ ጦር ተራራውን አልያዘም። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች በመንዝ፥ በተጉለት፥ በቡልጋ፥ በመርሐ ቤቴ አምስት ዓመት ሙሉ ተዋጉ። ገበሬው ስንቅ አቀበለ፤ ሴቶች መረጃና ጥይት አሳለፉ፤ ቤቱ የተቃጠለበት ወደ ዱር ገባ።

ጣሊያን በሰኔ 1932 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባያውጅና በነሐሴ የእንግሊዝን ሶማሊላንድ ባይወስድ ኖሮ የኅዳር 1931 እውቅና በቦታው ይቆይ ነበር። እንግሊዝ ወደ ጦርነቱ የገባችው የቀይ ባሕር መንገዷ ስለተነካ ነው፤ ይህም የተሰወረ ነገር አይደለም። በከረን የተዋጉት በአብዛኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። ከደቡብ በጁባ በኩል የመጡት የናይጄሪያ፥ የጎልድ ኮስት፥ የኬንያ፥ የኡጋንዳ፥ የኒያሳላንድ ወታደሮች ነበሩ። በጎጃም በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገባው የሱዳን ሻለቃ ጦርና የኢትዮጵያ ስደተኞች ጦር ነበር። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 ከተያዘች በኋላ በጣርማ በር አልፎ ወደ ደሴ የዘመተው የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ ነው። ከኮምቦልቻ ውጊያ በኋላ ሚያዝያ 18 ደሴ ተያዘች፤ ግንቦት 11 አምባ አላጌ እጁን ሰጠ።

በዚያ ሚያዝያ ጣርማ በር ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው ያየው ምን ነበር? የእንግሊዝን ሰንደቅ ያየ ነበር፤ እንግሊዛዊ ግን እምብዛም አያይም። ነጮቹ ወታደሮች ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ደግሞ በገዛ መንግሥታቸው ሕግ ጠመንጃ ተከልክለው በሾፌርነትና በጉልበት ሥራ ያገለግሉ ነበር፤ አፍሪካዊትን አገር ነፃ ለማውጣት የሚዘምት ጦር አፍሪካዊውን መሣሪያ አላስይዝ ብሎ መሄዱ ነው። መንገዱ በወራሪው የተሠራ፥ ዙሪያው ተራራ በአርበኛው የተያዘ፥ መኪናውን የሚነዳው ጥቁር የጉልበት ሠራተኛ። የእንግሊዝ ታላቅነት በዚያ ሰዓት ይህን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ሥር ማሰለፍ መቻሉ ነበር። ይህ ችሎታ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሆኖም ማሰለፍ ሌላ፥ መሸከም ሌላ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ወገን ይሳሳታል። አንዱ ወገን አርበኛውን ረስቶ አውሮፕላኑንና መድፉን ብቻ ይቆጥራል፤ የጣሊያን ጦር በየምሽጉ ተበትኖ፥ ገጠሩን ፈርቶ የቆየው አምስት ዓመት በማን ክንድ እንደሆነ አይጠይቅም። ሌላው ወገን ደግሞ ከረንንና ጁባን ሰርዞ ድሉ የአርበኛው ብቻ ነበር ይላል። ይህም ከእውነት ይርቃል፤ የተመሸጉትን ታላላቅ ከተሞች ለማስለቀቅ መድፍና አውሮፕላን አስፈልጓል። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ፉከራ በከረን ተራራ ላይ የወደቀውን ፑንጃቢ፥ በጁባ ዳር የወደቀውን የአክራ ልጅ ይሰርዛል። እነዚህን ሰዎች ከታሪክ በመሰረዝ ረገድ ፎካሪውና የእንግሊዝ ወዳጅ የሚስማሙ መሆናቸው ሊያስገርም ይገባል።

የውለታው ሒሳብ

ውለታ ሒሳብ የለውም ይባላል። እንግሊዝ ግን ሒሳቡን ለማቅረብ ጊዜ አልወሰደባትም። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸው ከጠላት ነፃ ከሆነች በኋላ አንድ ወር ያህል እንዳይገቡ ተደርገው ሚያዝያ 27 ገቡ። ሲገቡም ያገኙት በሰር ፊሊፕ ሚቼል የሚመራ፥ ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የነበረ፥ «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» የሚል ስም የተሸከመ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙ ብቻውን ይናገራል፤ ኢትዮጵያ ነፃ የወጣች አገር ሳትሆን ከጠላት የተያዘች መሬት ተብላ ተመዘገበች።

ጥር 23 ቀን 1934 የተፈረመው ውል የእንግሊዙን ሚኒስትር ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ የሚያስቀድም፥ የእንግሊዝ አማካሪዎችን የሚያስገባ፥ ኦጋዴንንና «የተጠበቀ ክልል» የተባለውን ሐውድን በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር የሚያቆይ፥ የባቡሩንም መንገድ በእንግሊዝ እጅ የሚተው ነበር። በምትኩ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ተኩል፥ ለሁለተኛው አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ድጎማ ተሰጠ። በገበያ የሚዘዋወረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሆነ። ጣሊያን ትቶት የሄደው ብዙ ተሽከርካሪና የፋብሪካ መሣሪያ የጦር ምርኮ ነው ተብሎ ከአገር ወጣ።

ዘውዱም ከዚህ ሒሳብ ንጹሕ አልነበረም። በመስከረም 1936 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን ተነሥተው መቀሌን የደበደቡት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጥያቄ ነው። የውጭ ውለታ የተቀበለ መንግሥት ውለታውን በራሱ ገበሬ ደም ሲጠቀምበት ታየ። እንግሊዝን ነፃ አውጪ ብሎ ማወደስ ለቤተ መንግሥቱም ያመቸው ነበር፤ ድሉ ከውጭ የመጣ ከሆነ በዱር የከረመው አርበኛ የሚጠይቀው ድርሻ ያንሳልና።

ትከሻው ሲነሣ

ሒሳቡን ያቀረበው መንግሥት ግን ራሱ ባለዕዳ ነበር። ዊንስተን ቸርችል በኅዳር 1935 የንጉሥ ሚኒስትር የሆነው የእንግሊዝን ግዛት ለማፍረስ እንዳልሆነ ተናግሮ ነበር። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ጦርነት በአሜሪካ የብድር ስንቅ ይካሄድ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ እንግሊዝ ለገዛ ቅኝ ግዛቷ ለሕንድ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረባት፤ የሕንድ ወታደርና የሕንድ እህል በዱቤ ተወስዶ ነበርና። በ1938 ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች፤ የዚህን ብድር የመጨረሻ ክፍያ የፈጸመችው በታኅሣሥ 1999 ነው።

ኢትዮጵያም ይህን መዳከም አስተውላለች። በየካቲት 1937 ንጉሠ ነገሥቱ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በስዊዝ ቦይ አጠገብ በአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ተገናኙ። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 1937 ሁለተኛው የእንግሊዝ ውል ከመጀመሪያው ለዝቦ ተፈርሟል፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የኢትዮጵያ ብር ሽልንጉን ተካ። ኦጋዴንን ለመመለስ በ1940፥ ሐውድን ለመመለስ በ1947 የተደረጉት ስምምነቶች ተከተሉ። ይህ ሁሉ የተገኘው በእንግሊዝ ቸርነት አልነበረም፤ አቅሟ ማነሱን አይቶ በመደራደር ነው። ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ኃያል ጉያ መግባት ነፃነት አለመሆኑን ግን የቃኘው ጣቢያ ታሪክ አሳይቷል።

ባለትከሻዎቹስ? ሕንድ በነሐሴ 1939 ነፃ ወጣች፤ ከእርሷም ጋር መቅደላንና ከረንን የያዘው ሠራዊት ከእንግሊዝ እጅ ወጣ። በየካቲት 1940 በአክራ ከጦርነቱ የተመለሱ የጎልድ ኮስት ወታደሮች ጥያቄያቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ በጥይት ሦስቱ ወደቁ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ያ አገር ጋና ተባለ። በኬንያ ለእንግሊዝ ተዋግተው የተመለሱ ሰዎች የተዋጉበትን ችሎታ ወደ ጫካ ይዘው ገቡ። የእንግሊዝ ግዛት በስጦታ የተበተነ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር።

በጥቅምት 1949 እንግሊዝ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ሆና በስዊዝ ቦይ ምክንያት ግብፅን ወረረች። አሜሪካ ፓውንዷን ላትደግፍ ስትነሣ ጦሯን አስወጣች። በ1928 ለሙሶሎኒ መርከቦች ክፍት የነበረው ቦይ ከ21 ዓመት በኋላ ለእንግሊዝ ተዘጋ። በኅዳር 1960 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ኤደንን ለቆ ወጣ። ሃሪስ ወደ አንኮበር የተላከላት፥ መቀሌን የደበደቡት አውሮፕላኖች የተነሡባት ኤደን ከ129 ዓመት በኋላ በሕዝቧ ትግል ከእንግሊዝ እጅ ወጣች። ከጣርማ በር ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ፀሐይ የምትወጣው ከዚያ ወገን ነው፤ «ፀሐይ የማትጠልቅበት መንግሥት» የጠለቀውም እዚያው ነው።

ብዕሩና ስሙ

ሰንደቁ ወረደ፤ መዝገቡ ግን አልተዘጋም። ዛሬም የመቅደላ ብራናዎች በለንደን ናቸው፤ ታቦታቱ በብሪታንያ ሙዚየም ማንም በማያያቸው ቦታ ተቀምጠዋል። በ2010 የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በእጁ ያሉትን የመቅደላ ቅርሶች ለኢትዮጵያ በረዥም ጊዜ ውሰት ለመስጠት ሐሳብ አቀረበ። ቃሉ ይመርመር፤ የተወሰደበት ሰው የገዛ ንብረቱን ሊዋስ ነው። በ2015 ደግሞ የልዑል ዓለማየሁን አጽም የመመለስ ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሳይቀበለው ቀረ። በአንጻሩ በ1994 በኤዲንብራ የሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ታቦት መልሷል፤ በ2011 የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ተመልሷል። የሚመለስ ነገር መመለስ እንደሚችል እነዚህ ያስረዳሉ። የሚቀረው ማን ባለገንዘብ እንደሆነ አጥርቶ መናገር ነው። ራሱን ባለዕዳ አድርጎ የተማረ ትውልድ ግን ይህን ጥያቄ በሙሉ ድምፅ ሊያቀርብ አይችልም። «ነፃ አውጪያችን» ብሎ የጀመረ ደብዳቤ በልመና ነው የሚያበቃው።

ስለዚህ ጉዳዩ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ጉዳይ ነው። የታሪክ መምህር 1933ን ሲያስተምር ከ1931 ሳይነሣ፥ ወደ 1934 ሳይሻገር ቢያቆም ግማሽ ሒሳብ አስተምሯል። ጸሐፌ ተውኔት የእንግሊዝ መኮንንን አስተዋይ፥ አርበኛውን ጀግና ግን የዋህ አድርጎ ሲያቀርብ ሳያውቀው የሃሪስን መጽሐፍ ወደ መድረክ አውጥቶታል። ሠዓሊው የድሉን ሰልፍ ሲሥል ሰንደቁን ከሣለ በኋላ ከሰንደቁ በታች ያሉትን ፊቶች መቁጠር አለበት፤ ሕንዳዊው፥ ናይጄሪያዊው፥ ሱዳናዊው፥ ጠመንጃ የተከለከለው ሾፌር፥ ስንቅ ያቀበለችው የመንዝ ሴት በሸራው ላይ ቦታ ይጠብቃሉ። ደራሲውም የዘረትን ዋሻ ከኅዳር 1931 ፊርማ ነጥሎ መጻፍ አይገባውም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይፈታም።

የካድሬው ድርሻም ከዚህ አያንስም። የሕዝብን ታሪክ ለሕዝብ አስተምራለሁ የሚል ሰው በመጀመሪያ መንገደኛው ሁሉ ጣርማ በር ደርሶ «የሙሶሎኒ ዋሻ» ብሎ ማለፉ ለምን እንደማይቆረቁረው ራሱን ይጠይቅ። ተራራው ከሙሶሎኒ በፊት ስም ነበረው። ዋሻውን ለመቆፈር ያዘዘው ሰው ስሙን ጥሎ ሄዷል፤ ተራራውን አምስት ዓመት የያዘው አርበኛ ግን በዚያ መንገድ ላይ በስሙ አይጠራም። ከወራሪው ስም ወደ ነፃ አውጪው ስም መሸጋገርም መፍትሔ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያንን ሞክራ ቸርችልን አተረፈች።

እንግሊዝ በዚህ ገደል ላይ ሁለት ጊዜ መጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ የሌላ ሰው ትከሻ ይዛ መጣች። በመካከሉ ያለው መቶ ዓመት የውለታ ታሪክ ሳይሆን የብድር ታሪክ ነው፤ አበዳሪዎቹም የቦምቤ ግብር ከፋይ፥ የአክራ ወታደር፥ የሸዋ ገበሬ ናቸው። መዝገቡ ይህን ስም ዝርዝር ይዞ እንደ ገና መጻፍ አለበት። መጻፍ የሚችሉትም በመማሪያ ክፍል፥ በመድረክና በሸራ ፊት የቆሙት ናቸው።